የኪሊማንጃሮን በረዶ ከሐረር ሆኖ መለካት

ሐረር ውስጥ «በረዶ» ሲባል ሰው የሚያስበው ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን ነው። ለጥቂት ደቂቃ ይወርዳል፣ ልጆች በጣሳ ይለቅሙታል፣ ወዲያው ውሃ ሆኖ ያልቃል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላው በረዶ ነው። ተራራ አናት ላይ ዓመት በዓመት እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት እየተጨመቀ፣ እንደ ዓለት ጠጥሮ ለዘመናት የሚቆየው። የበረዶ ግግር ይባላል።

በአገራችን ዛሬ የለም። የባሌና የሰሜን ተራሮች በበረዶ ዘመን ነበራቸው። በአፍሪካ አሁን የቀረው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ ታንዛኒያ ውስጥ ኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራ፣ እና በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ያሉት የሩዌንዞሪ ተራሮች። ሦስቱም ጋ በረዶው እየሸሸ ነው። ምን ያህል እንደሸሸ ደግሞ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ራሱ ለክቶ ማወቅ ይችላል። ተራራ መውጣት አያስፈልግም። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን ሐረር ቁጭ ብለን የለካነው በዚህ መንገድ ነው።

ለምን ጉዳዬ ሆነ? በሐረማያ ሐይቅ ምክንያት ነው። ልጅ ሳለሁ ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ ሐይቁን ለማየት ከመኪናው መስኮት ጋር እንጣበቅ ነበር። ከዚያ ውሃው ዓመት በዓመት ሸሸ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጨርሶ ደረቀ። ለመስኖ ተስቧል፣ ለሐረር መጠጥ ተስቧል፣ ደለል ሞልቶታል። በኋላ ዓመታት ውሃው በከፊል ተመልሷል። ሲደርቅ ግን ሰፈራችን ውስጥ የነበረው ወሬ አይረሳኝም። አንዱ «እስከዚህ ነበር» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ እስከዚያ ነበር» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ከእኛ መሃል ግን ቁጥር በእጁ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የሳተላይት ምስል ቀኑ የሚጻፍበት በዚያ ስለሆነ፣ እናንተም መዝገባችሁን በዚያው ያዙ። አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ የጻፈ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ምኑን ነው የምትለኩት?

የበረዶ ግግር «ቀነሰ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ ቀንሶ ይሆናል፤ ከተራራው ወደታች የወረደው ምላሱ ወደላይ ይሸሻል። ስፋቱ ቀንሶ ይሆናል፤ ከላይ ሲታይ የሚሸፍነው ቦታ ይጠባል። ወይም ውፍረቱ ቀንሶ ይሆናል። ሦስቱ እኩል አይሄዱም። ግግሩ ስፋቱን ሳይለቅ ለዓመታት ከላይ ሊሳሳ ይችላል። ከሳሳ በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተበጣጥሶ ይጠፋል።

ከቤት ሆኖ በቀላሉ የሚለካው ስፋት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ስፋት ይሆናል። ስለ ውፍረት ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

አንድ መካከለኛ ኮምፒዩተር ይበቃል። በላዩ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር ጫኑ፤ ነጻ ነው። ላንድሳትና ሴንቲኔል መሬትን ከላይ የሚያነሱ ሳተላይቶች ናቸው። የላንድሳት ምስሎችን ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም «ኧርዝ ኤክስፕሎረር» ድረ ገጽ፣ የሴንቲኔል ምስሎችን ከአውሮፓውያኑ «ኮፐርኒከስ ብራውዘር» ታወርዳላችሁ። ሁለቱም ምዝገባ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ክፍያ የለም። ሙሉው የላንድሳት ጥቅል ወደ 1 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ሁሉንም አታውርዱ። ባንድ ማለት ሳተላይቱ አንዱን የብርሃን ዓይነት ብቻ ለይቶ የሚያነሳው ምስል ነው። ለስፋት ሥራ አረንጓዴውን ባንድና አጭር ሞገድ ኢንፍራሬዱን (ዓይናችን የማያየውን ብርሃን)፣ ለዓይን ማየት ደግሞ ቀዩንና ሰማያዊውን ለይታችሁ አውርዱ። እኛ ሌሊት ላይ ነው የምናወርደው፤ ኔትወርኩ ያኔ ይሻላል።

የላንድሳት ታሪክ በ1972 ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ግን ደብዛዛ ናቸው። ለእኛ ሥራ የሚሆነው ከ1984 ጀምሮ ያለው ላንድሳት 5 ነው፤ አንዱ ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሹ ካሬ) መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። ከዚያ ላንድሳት 7 በ1999፣ ላንድሳት 8 በ2013፣ ላንድሳት 9 በ2021 መጡ። ሴንቲኔል 2 ከ2015 ጀምሮ ሲሆን አረንጓዴ ባንዱ 10 ሜትር ድረስ ያያል። ላንድሳት 7 ላይ ግን ተጠንቀቁ። በግንቦት 2003 መጨረሻ አንድ ክፍሉ ስለተበላሸ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ምስሎቹ ጥቁር ሰረዝ አላቸው። ሰረዙ በረዶው ላይ ካረፈ ምስሉን ተዉት።

መጀመሪያ ሐረማያ ላይ ተለማመዱ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ነው።

በረዶን ከዓለት የሚለየው ቀመር ይህ ነው፦ (አረንጓዴ − አጭር ኢንፍራሬድ) ÷ (አረንጓዴ + አጭር ኢንፍራሬድ)። በረዶ አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ያንጸባርቃል፣ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድን ግን ይውጠዋል። ውጤቱ ወደ 1 ይጠጋል። ዓለትና አፈር ግን ኢንፍራሬዱንም ስለሚመልሱ ውጤታቸው ዝቅ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ከዜሮ በታች ይወርዳል። አሁን ደስ የሚለውን ስሙ፦ ውሃን ከመሬት ለመለየት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንዱ ቀመር ይኸው ራሱ ነው። ውሃም ኢንፍራሬዱን ይውጣልና። ስለዚህ የኪሊማንጃሮን በረዶ በምትለኩበት ቀመር የሐረማያን ውሃ መለካት ትችላላችሁ። ኪሊማንጃሮ ሄዳችሁ ማረጋገጥ አትችሉም። ሐረማያ ግን ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ይዛችሁ አወዳይን አልፋችሁ ትደርሳላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። የቅርብ ጊዜ ደመና የሌለው የሴንቲኔል ምስል አውርዱ። ቀመሩን ሥሩ፤ ከዜሮ በላይ የሆነውን ሁሉ ውሃ በሉት። የሚወጣውን ዳርቻ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ከዚያ ሄዳችሁ ጂፒኤሱን ከፍታችሁ በውሃው ዳር ተራመዱ። እግራችሁ ያለበትና ካርታው የሚለው የት የት እንደሚለያዩ መዝግቡ። ቄጠማና ሣር ውሃው ውስጥ ባለበት ቦታ ካርታው «መሬት» ይላል። ጥልቀት በሌለው ድፍርስ ውሃም ይሳሳታል። ተማሪዎቼ ስለ ፒክስል የገባቸው ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ ጭቃው ላይ ቆመው ነው። «መምህር፣ ይሄ ፒክስል ግማሹ ውሃ ግማሹ መሬት ነው፤ የቱ ነው?» ብላ የጠየቀችኝ ልጅ የዚህን ሥራ ዋና ችግር አግኝታዋለች። በረዶውም ላይ ይኸው ጥያቄ ይገጥማችኋል።

ከዚያ የድሮ ምስሎችን አውርዱ። የሐይቁን መሸሽ ዓመት በዓመት ራሳችሁ ታዩታላችሁ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳየው ብዙ ዝም አልኩ።

ወደ ኪሊማንጃሮ፦ ትክክለኛውን ቀን መምረጥ

መፈለጊያው ላይ ደቡብ 3.07፣ ምሥራቅ 37.35 ዲግሪ አስገቡ። ደቡብ ስለሆነ 3.07 ላይ የመቀነስ ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱን ከረሳችሁ ሰሜን ኬንያ በረሃ ላይ ታርፋላችሁ።

አሁን ሥራው የሚበላሽበት ወይም የሚሰምርበት ቦታ ደረስን። በሳተላይት ምስል ላይ ዘመን ያስቆጠረው ግግርና ትናንት ማታ የወረደው ስስ በረዶ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ቀመሩም አይለያቸውም። አንድ ሰው የ1993ን ምስል በረዶ ከወረደ ማግስት፣ የ2020ን ደግሞ በደረቅ ወር ቢወስድ «ተራራው ዘጠና በመቶ ራቁቱን ቀረ» ሊል ይችላል። ሐሰት ነው። የለካው የአየር ጠባይን እንጂ የግግሩን መጥበብ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት «ያኔና አሁን» ፎቶዎች ብዙዎቹ ይህ ችግር አለባቸው። የተራራው በረዶ መጥፋቱ እውነት ሆኖ ሳለ፣ በተሳሳተ ፎቶ ስናወራው እውነቱን ራሱን እናስነቅፈዋለን።

ስለዚህ ወቅቱን ጠብቁ። ኪሊማንጃሮ ላይ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ይመጣል። ደረቁ ጊዜ ጥርና የካቲት፣ እንዲሁም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። እኛ የምንመርጠው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ሐረር በዝናብ ስትርስ ያ ተራራ ደረቅ ነው። ሁሉንም ዓመት ከዚያው ወቅት ውሰዱ። ለአንዱ ዓመት የካቲትን፣ ለሌላው ነሐሴን አታድርጉ።

ወቅቱን ጠብቃችሁም አዲስ በረዶ ሊያጋጥም ይችላል። መለያው ይህ ነው፦ የጫፉን እሳተ ገሞራ አፍ ተመልከቱ። በመሃሉ «የአመድ ጉድጓድ» የሚባለው ክብ አለ። ጉድጓዱና ዙሪያው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው። ሁሉም ነጭ ከሆነ ስስ በረዶ ወርዷልና ተዉት። ሌላው መላ፣ ለአንድ ዓመት አንድ ምስል ብቻ አትጠቀሙ። ሁለት ወይም ሦስት ምስል አውርዱና በሁሉም ላይ በረዶ ሆኖ የተገኘውን ፒክስል ብቻ ቁጠሩ። ስሱ በረዶ ይመጣል ይሄዳል፤ ግግሩ ግን ሦስቱም ላይ ይኖራል። ለተማሪዎች ሥራ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

በ1990ዎቹ ለብዙ ዓመታት ጥሩ ምስል ማግኘት ይከብዳል። ባዶ ዓመት ካጋጠማችሁ ባዶ ተዉት። ከጎረቤት ዓመት ተበድራችሁ አትሙሉት።

ቁጥሩን ወደ ነጸብራቅ መልሱ

ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘላል። የወረደው የላንድሳት «ደረጃ 2» ፋይል ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ነጸብራቅ (ከደረሰው ብርሃን ስንት እጁ እንደተመለሰ) አይደሉም። በ0.0000275 አባዝታችሁ 0.2 መቀነስ አለባችሁ። አንድ የበረዶ ፒክስል አረንጓዴው 36,000፣ ኢንፍራሬዱ 10,000 ቢሆን፣ ሲመለሱ 0.79 እና 0.075 ይሆናሉ። ቀመሩ 0.83 ይሰጣል። ሳትመልሱ በጥሬው ብትሠሩት ግን 0.57 ይወጣል። መሃል በረዶው ላይ ያለው ፒክስል ይተርፋል፤ ዳርና ዳር ያሉት ግን ከመቁረጫው (በረዶ ነው ለማለት ከምንይዘው ዝቅተኛ ቁጥር) በታች ወድቀው ይጠፋሉ። ግግሩ ሳይቀንስ እናንተ ቀነሳችሁት ማለት ነው።

ሴንቲኔል ላይ በ10,000 ማካፈል ነው። ከጥር 2022 መጨረሻ በኋላ ለተሠሩት ግን መጀመሪያ 1,000 ቀንሱ። ያኔ የአሠራር ለውጥ ተደርጓል። ይህን ያላወቀ ሰው 2021ንና 2022ን ሲያነጻጽር የሌለ ለውጥ ያያል።

የባንዶቹ ቁጥር ከሳተላይት ሳተላይት ይለያያል። ላንድሳት 5 እና 7 ላይ አረንጓዴው 2፣ አጭር ኢንፍራሬዱ 5 ነው። ላንድሳት 8 እና 9 ላይ 3 እና 6። ሴንቲኔል ላይ 3 እና 11፣ የ11ኛው ፒክስል ግን 20 ሜትር ስለሆነ መጀመሪያ ሁለቱን አመጣጥኑ።

ቁረጡ፣ ከዚያ በዓይን አርሙ

ኪውጂአይኤስ ውስጥ «ራስተር ካልኩሌተር» ከፍታችሁ ቀመሩን አስገቡ። ከ0.4 በላይ የሆነውን 1፣ የቀረውን 0 አድርጉ። 0.4 የተለመደ መነሻ ነው፤ ሕግ አይደለም። 0.35 እና 0.45ንም ሞክሩና ስፋቱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ጻፉ። የመረጣችሁትን ግን ለሁሉም ዓመት ያንኑ ተጠቀሙ።

ደመና ኢንፍራሬዱን ስለሚያንጸባርቅ ቀመሩ አብዛኛውን ደመና ይለየዋል። ሁሉንም ግን አይደለም። ሳተላይቱ የሚያልፈው ረፋድ ላይ ስለሆነ ጥላም አለ። የኪሊማንጃሮ ግግር ጠርዙ እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ነው፤ ከሥሩ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ውጤቱን ወደ ፖሊጎን (ዳርቻውን ወደሚከብ ዝግ መስመር) ቀይሩና በተፈጥሮ ቀለም ከተሠራው ምስል ላይ አስቀምጡት። ደመናውን ሰርዙ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በእጅ አስተካክሉ። ከ0.01 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሱ ብጥስጣሾችን ተዉ። የዓለም የግግር መዝገብ የሚጠቀምበት ዝቅተኛ መጠንም ይኸው ነው።

ሁለት ዓመት ከማነጻጸራችሁ በፊት ምስሎቹ እርስ በርስ መገጠማቸውን እዩ። የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ድንጋይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። በአንዱ ምስል ላይ ያለበት ቦታና በሌላው ያለበት ካልተገናኘ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ስፋቱን ለማግኘት የቀሩትን ፒክስሎች ቁጠሩ። በላንድሳት አንዱ 900 ካሬ ሜትር ነው። 1,111 ፒክስል አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ስህተታችሁን ለኩ

ያለዚህ ክፍል ከላይ ያለው ሁሉ ሥዕል ብቻ ነው።

ያቺ የሐረማያ ልጅ ጥያቄ እዚህ ትመለሳለች። ዳር ላይ ያለ ፒክስል ግማሹ በረዶ ግማሹ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ዳርቻችሁ በሁሉም አቅጣጫ በግማሽ ፒክስል ሊሳሳት ይችላል። ስህተቱን ለመገመት የግግሩን ዙሪያ በግማሽ ፒክስል አባዙ።

በቁጥር እንየው። በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ያለው የፉርትቬንግለር ግግር በ1976 ወደ 113,000 ካሬ ሜትር ነበር፤ በ2000 ወደ 60,000 ወርዷል። 60,000 ካሬ ሜትርን 300 በ200 ሜትር አራት ማዕዘን አድርገን እናስበው። ዙሪያው 1,000 ሜትር ነው። በላንድሳት ግማሽ ፒክስል 15 ሜትር ስለሆነ ስህተቱ 15,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ከአጠቃላዩ ሩብ ነው! በሴንቲኔል ግማሹ 5 ሜትር ስለሆነ ወደ 5,000 ይወርዳል፤ 8 በመቶ ገደማ። ግግሩ ባነሰና በተበጣጠሰ ቁጥር ዙሪያው ከስፋቱ አንጻር ይበዛል፣ ስህተቱም አብሮ ያድጋል። ኪሊማንጃሮ ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው። በረዶው እየተበጣጠሰ ስለሆነ ዓመት በዓመት ለመለካት እየከበደ ይሄዳል።

ሁለት ዓመት ስታነጻጽሩ የሁለቱም ስህተት ይገባል። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩና ካሬ ሥሩን ውሰዱ። እያንዳንዱ 15,000 ከሆነ የልዩነቱ ስህተት ወደ 21,000 ይመጣል። «ግግሩ በ20,000 ካሬ ሜትር ቀንሷል» ልትሉ ከሆነ ገና አላወቃችሁም ማለት ነው። ተጨማሪ ዓመታት ጠብቁ። በየዓመቱ ከመለካት ይልቅ በአምስት በአምስት ዓመት ማነጻጸር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ሌላው ስህተት ከእጃችን ይመጣል። አንዱን ምስል ለአምስት ተማሪ ሰጥቼ ሳይተያዩ ዳርቻውን እንዲያሰምሩ አደረግኩ። አምስቱ መስመሮች አልተገጣጠሙም። አንዱ ጥላውን በረዶ ብሎ አስገባው፣ ሌላዋ ተወችው። ያ ልዩነት ውርደት አይደለም፤ የሚመዘገብ መረጃ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ያንኑ ምስል ሦስት የተለያየ ቀን አሰምሩ።

ከሳተላይት በፊት ያለው ዘመን

ሳተላይት የሚሰጠን አርባ ዓመት ብቻ ነው። ወደ ኋላ የሚወስዱን ካርታና ፎቶ ናቸው። ኪሊማንጃሮ በ1912 በጀርመኖች ተለክቶ ካርታ ተሠርቶለታል። የሩዌንዞሪን ግግሮች በ1906 ከጣሊያናዊው የአብሩዚ መስፍን ጉዞ ጋር የሄደው ቪቶሪዮ ሴላ ፎቶ አንስቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ እሱ የቆመበት ቦታ ሄደው ያንኑ ፎቶ ደግመው ያነሱ አሉ።

ይህን ዘዴ ለመለማመድም ሐረር ትመቻለች። የጀጎልን በሮች ወይም የፈረስ መጋላን የቆየ ፎቶ ፈልጉ። ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ እስክታገኙ ተንቀሳቀሱ። የቅርቡ ግድግዳ ከሩቁ ኮረብታ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ በፎቶውም በዓይናችሁም አንድ ሲሆን፣ ያ ቦታው ነው። ተራራ ላይም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ በግድግዳው ፈንታ የማይንቀሳቀስ ዓለት ነው የሚያዘው።

ከድሮ ካርታ ቁጥር ስትወስዱ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ለኪሊማንጃሮ ለ1912 ብቻ 12.06 እና 11.40 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሉ ሁለት ቁጥሮች በጥናቶች ውስጥ ታገኛላችሁ። ያው ዘመን፣ ያው ተራራ ነው፤ ሁለተኛው በኋላ እንደገና ተሰልቶ የወጣ ነው። መነሻችሁን ከአንዱ፣ መድረሻችሁን ከሌላው ካደረጋችሁ ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከአየር ላይ ትፈጥራላችሁ። የሚቻል ከሆነ ሙሉውን ተከታታይ ከአንድ ጥናት ውሰዱ።

ፍጥነቱን ማስላት

በ1912 11.40 የነበረው በ2011 1.76 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሷል። በ99 ዓመት 85 በመቶው ሄዷል። በ2021 ገደማ ደግሞ ወደ 0.98 ወርዷል። ይህ የመጨረሻው ከሌላ ጥናት ነው። የአሠራር ልዩነት ቢኖርም ለውጡ ትልቅ ስለሆነ ማነጻጸር ይቻላል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ዘመን በዓመት በአማካይ 0.097 ካሬ ኪሎ ሜትር ጠፍቷል። በሁለተኛው 0.078። «ታዲያ ቀዘቀዘ ማለት ነው?» አይደለም። ከመነሻው አንጻር ስታዩት በመጀመሪያው ዘመን በዓመት አንድ በመቶ አይሞላም። በሁለተኛው ከ4 በመቶ በላይ ነው። ከትልቅ ክምር ላይ ጥቂት መውሰድና ከትንሽ ክምር ላይ ያንኑ ያህል መውሰድ አንድ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ፦ በካሬ ኪሎ ሜትርም፣ በመቶኛም። መቶኛው ከየትኛው ዓመት አንጻር እንደሆነም ግለጹ።

ከዚያ መስመሩን በማስመሪያ ወደፊት ጎትቶ «በዚህ ዓመት ያልቃል» የማለት ፈተና ይመጣል። አታድርጉት። በ2002 የወጣ ታዋቂ ጥናት የኪሊማንጃሮ በረዶ በ2015 እና በ2020 መካከል ሊያልቅ ይችላል ብሎ ነበር። አላለቀም። ይህ የመጥፋቱን እውነት አይለውጠውም፤ አሁንም እየጠፋ ነው። ግን ቀን የቆረጠ ሰው ቀኑ ሲያልፍ የሚጠየቀው ስለ ቀኑ ብቻ ነው፤ ልኬቱን የሚሰማው የለም።

ከላይ የማይታየው፦ ውፍረት

ውፍረትን የሚለኩት ተራራው ላይ የሚወጡት ናቸው። በረዶው ውስጥ ጥልቅ ቀዳዳ ይቦረቡሩና ረጅም ችካል ይተክላሉ። በዓመቱ ተመልሰው ከበረዶው በላይ የወጣው የችካሉ ክፍል ስንት እንደጨመረ ይለካሉ። 1.5 ሜትር ከጨመረ ያን ያህል በረዶ ሄዷል። በረዶ ከውሃ ስለሚቀል በ0.9 ያባዙታል፦ 1.35 ሜትር ውሃ። የኬንያ ተራራው የሉዊስ ግግር ለብዙ ዓመታት በዚህ መንገድ ተለክቷል። የዓለም ሁሉ ልኬት ዙሪክ በሚገኘው የዓለም የበረዶ ግግር ክትትል አገልግሎት ይሰበሰባል።

ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ የሁለት ዘመን የከፍታ ካርታዎችን መቀናነስ ይቻላል። በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተሠራው የከፍታ ካርታ በነጻ ይገኛል። ግን ለጀማሪ አልመክርም። ጥቂት ሜትር የከፍታ ስህተት ቀጭን ግግር ላይ ሁሉን ይበላል።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፦ «እዚያ ላይ እንደዚህ ከበረደ እንዴት ይቀልጣል?» በእርግጥ የኪሊማንጃሮ አናት 5,895 ሜትር ነው፤ አማካይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙው በረዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንፋሎት ይሄዳል። ልብስ ሳጥን ውስጥ ያለውን ናፍታሊን አስቡ። ልብሱን ሳያርስ እያነሰ እያነሰ ያልቃል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአካባቢው አየር ደርቋል። የሚወርደው በረዶ ቀንሷል፣ ፀሐዩም ያለ ከልካይ ያገኘዋል። ስለዚህ ልኬታችሁን ስታቀርቡ «ሙቀት ጨመረና ቀለጠ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አትዝጉት። የለካችሁት ስፋትን ነው። ምክንያቱን ለብቻው አስረዱ።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ዓመት ይህን ጻፉ፦ የሳተላይቱ ስም፣ የምስሎቹ ቀን፣ መቁረጫው፣ ስፋቱ፣ ስህተቱ፣ ያሰመረው ሰው ስም፣ እና በእጅ የተስተካከለው ቦታ የት እንደሆነ። ፖሊጎኑን ከነጥሬ ምስሉ አስቀምጡ። ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የእኛ አንድ ዓመት ሥራ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ስለነበር ከፍላሹ ጋር ሄዷል። ልጆቹ እንደገና ከመጀመሪያው ሠሩት።

አሁን ሁለት አቃፊ አለን። አንዱ «ኪሊማንጃሮ»፣ ሌላው «ሐረማያ» ይላል። በአንድ ቀመር የተሠሩ ናቸው። መስከረም ላይ አዲስ የሚገቡት ተማሪዎች መጀመሪያ ሁለተኛውን ይከፍታሉ፣ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ፣ ያምናው ዳርቻ የት እንደነበር አግኝተው እዚያ ላይ ይቆማሉ።